መቀስዎን ስለምትጠብቅ አንዲት ማሽን

ለተከበሩ የአነስተኛ ንግድ ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተደላደለ፣ የቀጠሮ ደብተርዎም እንደ ወትሮው የሞላ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ ከታላቅ እህቴ ጋር በአንዲት ቆርቆሮ ቤት ጫማ የምሠራ ዜጋ፣ በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት በርዎ ላይ ሰባት ጊዜ ቆሜ ሰባቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ።

በቅድሚያ ስለ ስጦታዎ አመሰግናለሁ። ከስምንት ወር በፊት የላኩልን የሶል መስፊያ ማሽን በቀይ ሪባን ታስራ፣ «ከምረቃው በፊት መንካት ክልክል ነው» የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጥፎባት፣ የቤታችንን ግማሽ ይዛ ቆማለች። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሲባል እንሰማ ነበር፤ የእኛዋ ላም ግን እዚሁ አጠገባችን ናት። አቧራዋንም እንዳንነካት እየተጠነቀቅን በየማለዳው እፍ እንልላታለን።

ቅሬታዎቼ እነዚህ ናቸው፦

1ኛ. ምረቃው አራት ጊዜ ተቀጥሮ አራት ጊዜ ቀርቷል። በየቀጠሮው ሥራ አቁመን፣ ወለል አጥበን፣ ከጎረቤት ወንበር ለምነን ጠብቀንዎታል። በሦስተኛው ጊዜ ሾፌርዎ መጥቶ የወንበሮቹን ብዛት አይቶ ስለተመለሰ፣ ጨርሶ ተረስተናል ለማለት አልደፍርም።

2ኛ. እህቴን በማሽኗ እንድትሠራ አሥር ቀን አሠልጥናችኋታል፤ ከእርሷ በቀር ማንም እንዳይነካትም በደንባችሁ ጽፋችኋል። እህቴም የምስክር ወረቀቷን ግድግዳው ላይ ሰቅላ፣ ከሥሩ ተቀምጣ ሶሉን በወስፌ ትሰፋለች።

3ኛ. ለአንድ ሆስፒታል ጥበቃዎች ጫማ እንድንሠራ ታዘናል። እንዲህ ያለ ትዕዛዝ በዕድሜያችን አግኝተን አናውቅም፤ ካስረከብን ሁለት ሰው ቀጥረን እንቀጥላለን፣ ካላስረከብን ቤቱን እንዘጋለን። የማስረከቢያው ቀን የፊታችን ሰኞ ነው፣ ስድሳ ጥንድ ይቀረናል። ማሽኗ ስድሳውን በሁለት ቀን ትጨርሰው ነበር፤ እህቴ በቀን የምትሰፋው አምስት ነው። ትናንት ጣቶቿ አልታጠፍ ብለዋት የውኃ ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛ ስትጠጣ አየሁ። ሪባኑን ልቁረጠው ብላት ግን «ተው ባክህ፣ ሰውዬው ይቀየሙናል» አለችኝ። እርሷ እስከዛሬ ይመጣሉ ብላ ታምንዎታለች።

ስለዚህ ከሰኞ በፊት ለአምስት ደቂቃ ብቅ እንዲሉ፣ ወይም ሪባኑን ራሳችን እንድንቆርጠው በአንዲት መስመር እንዲፈቅዱልን እለምናለሁ። ንግግሩ ቢቀር አንቀየምም፤ ጭብጨባውን ከነወንበሩ እናዘጋጃለን።

ዕድገታችንን ከሩቅ ሆነው ስለሚከታተሉልን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

ለመመረቅ ሁልጊዜ ዝግጁ የሆነው
የቆርቆሮ ቤቱ ጫማ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ለማሳተም ሳልወስደው ወስፌው አምልጧት የእህቴን መዳፍ በሳው። በቤቱ ያለው ጨርቅ ሁሉ ማስቲሽ የነካው ስለነበር ሪባንዎን ቆርጬ አሰርኩላት። ማሽኗ በዚህ ሁኔታ ተመርቃለችና እንዳይደክሙ። ሐኪሙም ያሠለጠናችሁት እጅ ለሁለት ወር ምንም ሥራ እንዳይነካ አዟል።