አባትሽ አፉን የዘጋው መሣሪያ

የእኔ ልጅ፣ ፈጣሪ ባለሽበት ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ንዴቴ ግን እስካሁን አልበረደልኝም።

የላክሽልንን የጭስ ማስጠንቀቂያ ወንድምሽ ምድጃውና መታጠቢያ ቤቱ መሃል ሰቀለው። "ሌላ ቦታ አጣህ?" ብለው "ምን አለበት?" ብሎኝ ሄደ። ሽንኩርት ሳቁላላ ይጮኻል። አባትሽ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ሲወጣ፣ እንፋሎቱን ጭስ ነው ብሎ ይጮኻል። ኮርኒሱን ስጠርግ ደግሞ አቧራ ገባበትና ጎረቤቱን ሁሉ በሩጫ አስመጣብኝ። አባትሽ ሲሰለቸው፣ ለእኔ ሳይነግረኝ ባትሪውን አውጥቶ ሬዲዮው ውስጥ ከተተው።

ማክሰኞ ዕለት ከገበያ ስመለስ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ለካ ካውያውን ሸሚዙ ላይ ትቶ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶታል! እንዴት ጎትቼ እንዳወጣሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ደጅ ቁጭ ብሎ እያሳለ "ያ መሣሪያ ምነው ሳይጮህ?" አይለኝም? ደሜ ፈላ።

"አፉን ዘግተኸው በምኑ ይጩህ! ልጄን ያለ አባት ልታስቀራት ነበር እኮ!" አልኩት።

አሁን ከምድጃው አርቄ ኮሪደሩ ላይ አሰቅዬዋለሁ፤ ባትሪውንም ራሴ ገዝቼ አስገብቻለሁ። አባትሽ እኔን አይሰማም፤ እባክሽ ደውለሽ አንቺ ተቆጪልኝ። ብቻ ብዙ አትጩሂበት፣ ሳሉ ገና አልለቀቀውም። እሱን ያተረፈልኝ አምላክ አንቺንም ይጠብቅልኝ።

እናትሽ