በሌለ ሰው ስም

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ነው? ጎንበስ ብለህ ጣውላ ስትልግ ይይዝህ የነበረው ውጋት ተወህ ወይስ አሁንም ያቃስትሃል? አባባስ እህል ይቀምሳል ወይ? ከእማዬ በኋላ ማዕድ ሲቀርብ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል ብለኸኝ ነበርና፣ አሁን መለስ ብሎ እንደሆነ ለማወቅ ልቤ ተንጠልጥሏል። የልጅህ እናት እትዬስ ጉንፋኑ ለቀቃት? ትንሿስ አሁንም እያፏጨች ነው የምታጠናው? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና የምልህ ስለ ሰውነቴ ነው፤ ስለ ሌላው ቀጥዬ አጫውትሃለሁ።

ከተመለስኩ ወዲህ ድምፄ ለምን እንደጠፋ እትዬ ደጋግማ ጠይቃኛለች። በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ነገር ግን ስልኩን ስታነሳ አባባ አጠገብህ ሆኖ ምን አለች፣ ምን አለች ይልሃል፤ አንተ ደግሞ ውሸት ሲያስፈልግህ ጆሮህ ይቀላል። ስለዚህ መጻፉ ይሻላል አልኩ። እባክህ ለብቻህ ሆነህ አንብበው።

ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ ባታውቀውም አውቀዋለሁ እያልክ ለጎረቤት ስታስረዳ ሰምቼሃለሁ። ሐኪም ቤቶች የሕመምተኛ ቀጠሮ የሚይዙበትን ሶፍትዌር ነው የምንሠራው። ሶፍትዌር ደግሞ ስህተት አያጣም። አንዳንዴ ሁለት ሕመምተኛ በአንድ ሰዓት ይቀጥራል፤ አንዳንዴ የአንዱን ቀጠሮ ውጥ አድርጎ ምንም እንዳልሆነ ቁጭ ይላል። ስህተቱን ያየ ሰው የሆነ ቦታ መጻፍ አለበት፤ ማን እንደሚያስተካክለውና የት እንደደረሰም አብሮ መታወቅ አለበት። እኛ ቢሮ ይህ ሁሉ የሚከናወነው ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ቁራጭ ወረቀት ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ መስኮት በከፈተች ቁጥር ግማሹ ይረግፋል። አንተ ጣውላ ላይ በእርሳስ የምትጭራት እንኳ ከዚያ ትሻላለች።

የእማዬ ሕመም ከመጥናቱ በፊት ሥራ አስኪያጁ ጠራንና ወረቀቱን የሚተካ ሲስተም እንድንመርጥ እኔንና ሻምበልን አዘዘን። ሻምበል ጠረጴዛው ከጠረጴዛዬ የተጋጠመ ጎረቤቴ ነው። ወታደር ሆኖ አያውቅም፤ አረማመዱን አይተን ነው ስሙን ያወጣንለት። ሦስት ሲስተም ሞከርን። አንደኛው ያምራል፤ ሥራዎቹን እንደ ካርታ ጨዋታ ከአንዱ ሰልፍ ወደ ሌላው ትጎትታቸዋለህ፣ ሲበዙ ግን ዓይንህ ይዞርብሃል። ሁለተኛው ቀለል ያለ ነው፤ ስህተቱን ትጽፋለህ፣ ጊዜ ያገኘ ያነሳዋል፣ በቃ። ሦስተኛው ጥያቄው እንደ ፖሊስ ምርመራ ነው። ለአለቆች ሰንጠረዥ ይስላል፤ የሚያስተካክለው ሰው ስም ካልተጻፈበት ደግሞ ስህተቱን አልቀበልም ብሎ ይመልስልሃል።

ሻምበል ሁለተኛውን ወደደ። ሰው ስም ሲጠየቅ ይፈራል፣ ከፈራ ደግሞ ጭራሽ አይጽፍም አለኝ። እኔ ሦስተኛው ካልሆነ ብዬ ድርቅ አልኩ፤ ባለቤት የሌለው ስህተት እዚያው ይከርማል፣ ግድግዳውን አታየውም ወይ አልኩት። የታዘዘልን ምሳ ቀዝቅዞ እስኪረጋ ተከራከርን። በመጨረሻ እሱ ሳቀና እሺ የኔ ዳኛ፣ ይሁንልሽ ብሎ አብሮኝ ፈረመ። በዚያው ሳምንት አንተ ደወልክና እማዬን ድረሺባት አልከኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አብረን ነው ያየነው። አንድ ነገር ግን አልነገርኩህም። ሐኪም ቤት ደርሰን ስሟ ኮምፒውተሩ ላይ የለም፣ ቀጠሮ አልተያዘላትም ተብለን አዝለሃት የተመለስንባትን ቀን ታስታውሳለህ? አንተ ከካርድ ክፍሏ ልጅ ጋር ስትጣላ እኔ ጭጭ ያልኩት ልጅቷ እንዳልዋሸች ስለገባኝ ነው። ሲስተሙ ውጦት ነበር። የእኛ አልነበረም፣ የሌሎች ነው፤ ግን አመሉን አውቀዋለሁ።

ስመለስ ቢሮ ውስጥ ሁሉም ተነስቶ አቀፈኝ፣ ከንፈር መጠጠልኝ። ጠረጴዛዬ ተወልውሎ፣ ወንበሬ ገባ ተደርጎ ቆየኝ። ደስ አለኝ፤ የሐዘንተኛ ደስታ። ከዚያ አዲሱን ሲስተም ከፈትኩ። ገጹ ከላይ እስከ ታች የእኔ ስም ነው። እጄ ነክቶት በማያውቅ ክፍል የተገኘው ስህተት ሳይቀር በእኔ ስም ተጽፏል፤ አብዛኛው አጠገቡ በቀይ ዘግይቷል ይላል። መጀመሪያ ሲስተሙ ራሱ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

አብራን የምትሠራ ሳቂታዋ የምንላት ልጅ አለች። እጄን ልታጠብ ስገባ ተከትላኝ መጣችና ነገሩን አፈረጠችው። የኛን ሰው ይሉኝታ ታውቃለህ አይደል? እኛ ቢሮ የባልደረባውን ስህተት ያየ ሰው በጆሮው ጠጋ ብሎ፣ እኔ ተሳስቼ ይሆናል ግን እስቲ ይቺን ነገር እያት ይለዋል። ወረቀቱ ላይም ማንም የማንንም ስም ጽፎ አያውቅም ነበር። አሁን ሲስተሙ ስም አምጡ ሲላቸው ጨነቃቸው። አጠገብህ ተቀምጦ የሚሠራን ሰው ስም ከስህተት ጎን መጻፍ እንደ መክሰስ ሆነባቸው። ሻምበል ብቻውን ለጥቂት ቀን የራሱን በራሱ ስም ጻፈ፤ ሌላ የጻፈ ሲያጣ እሱም ተወው። ከዚያ አንዱ የእኔን ስም አስገባ። እሷ የለች፣ አታየው፣ ምን ይከፋታል፣ እስክትመጣ እናስተካክለዋለን አለ። ሌሎቹም እፎይ ብለው ተከተሉት። ሳቂታዋ እያለቀሰች በክፋት እንዳይመስልሽ አለችኝ። በክፋት አለመሆኑን አውቄያለሁ። ቢሆን ኖሮ ተናድጄ ይወጣልኝ ነበር።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ሥራ አስኪያጁ የሚያየው ሰንጠረዡን ብቻ ነው። ሰንጠረዡ ላይ የሁሉም እንደ ሣር አጥሮ የእኔ ብቻ እንደ ስልክ እንጨት ቆሟል። የድርጅቱ ባለቤቶች ደግሞ አንድ ሰው ቀንሱ ብለውት ቆይተዋል። ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሐዘን ላይ መሆንሽን አውቃለሁ፣ ነገር ግን ይሄንን ለአለቆቼ ምን ብዬ ላስረዳ አለኝ። ስም ይጻፍ ያልሽው ደግሞ አንቺው ነሽ አለኝ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካላስረዳሁ የምሰናበተው እኔ መሆኔን ሳይነግረኝ ነገረኝ።

ከዚያ ባልደረቦቼ አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። አንዱ ደረጃ ላይ፣ አንዱ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጋ፣ ያቺኛዋ የኔ ናት፣ ይቅር በይኝ እያሉ ያንሾካሽካሉ። እንግዲያው ግቡና በራሳችሁ ስም አዙሩት ስላቸው እሺ፣ ነገ ይሉኛል። ነገ ይመጣል፣ ማንም አይነካውም። ሲስተሙን የመረጥኩት እኔ ስለሆንኩ የማንንም ስም የመለወጥ ሥልጣን አለኝ። ግን ወንድም ጋሼ፣ ትልልቆቹ ስህተቶች የሻምበል ናቸው። ቀጠሮ የሚያድለውን ክፍል የጻፈው እሱ ነው፤ ከሁሉ ያረጀውና ከሁሉ የሚያስቸግረው ክፍል ነው። እናንተ ጋ በነበርኩ ጊዜ ደግሞ በየቀኑ የእማዬን ደህንነት የጠየቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ዝም ብዬ ልሰናበት አሰብኩ። ሻንጣዬን እንኳ ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁ። አላስችል ያለኝ ሌላ ነገር ነው። በእኔ ስም የተጻፈውን ስህተት ማንም አልነካውም። ሁለት ሕመምተኛ በአንድ ሰዓት የሚቀጥረው ስህተት ከሄድኩ ጀምሮ እዚያው ተኝቷል፤ ይሄኔ አንድ ቦታ አንድ ልጅ እናቱን አዝሎ እየተመለሰ ነው። ለእነሱ ብዬ ነው ያደረግኩት ልልህ እፈልጋለሁ። ለእንጀራዬም ብዬ ነው። የቱ እንደበለጠ አትጠይቀኝ፣ እኔም አላውቀውም።

በየጠረጴዛው ዞሬ ዛሬ የየራሳችሁን ስም ልጽፍ ነው አልኳቸው። ሳቂታዋ ሳቋ መጣና መለሰችው። ሻምበል ግን ወንበሩን ጎትቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ይሄ የኔ ነው፣ ይሄኛውም የኔ ነው፣ ያንን እለፊው የሳቂታዋ ነው እያለ አብሮኝ ጻፈ። ለራሱ አንድም አላሳነሰም። ስንጨርስ መነጽሩን ጠረገና አሁን ቢያንስ የሚነካቸው ሰው ያገኛሉ አለኝ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ሥራ አስኪያጁ አዲሱን ሰንጠረዥ አየ። የስልክ እንጨቱ ከእኔ ላይ ተነስቶ ሻምበል ላይ ቆሟል። ገብቼ፣ ይሄ ሰውየው የያዘው ክፍል ክብደት እንጂ ስንፍናው አይደለም፣ እዚያ የተቀመጠ ማንም ቢሆን እንዲሁ ነው የሚታየው ብዬ ለመንኩት። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ፤ ከዚያ ሰንጠረዡ ወደ ላይ፣ ወደ ባለቤቶቹ ሄዷል አለኝ። ሻምበል በወሩ መጨረሻ ጃንጥላውንና የሻይ ኩባያውን ይዞ ወጣ። በር ላይ እጄን ጨብጦ አንቺ ላይ ቅሬታ የለኝም አለኝ። ቢኖረው እመርጥ ነበር። ተቆጥቶኝ ቢሄድ እኔም እቆጣለሁ፣ ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ ተሰበሰብን። እሱ ያልጨረሳቸውን ማን ይውሰዳቸው ተባለ። ሁሉም ጫማ ጫማውን ያያል። ከዚያ ሳቂታዋ ረጋ ባለ ድምፅ፣ ለጊዜው በሱ ስም ይቆዩ፣ እሱ እንደሆነ ሄዷል፣ ምን ይጎዳዋል አለች። ወንድም ጋሼ፣ ሁሉም እኮ ራሱን ነቀነቀ። ያለቀሱልኝ ልጆች፣ ይቅር በይኝ ያሉኝ ልጆች። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞርኩና ሁሉንም በራሴ ስም ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ፤ አዎ አልኩት። አሁን አንድ በአንድ እየጨረስኳቸው ነው። ሁለት ሰው በአንድ ሰዓት የሚቀጥረውን ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ሻምበል ቢኖር ኖሮ ቀጥታ ጣቱን ያሳርፍበት ነበር።

በመጨረሻ የላክህልኝ ደብዳቤ ላይ የእማዬ የመቃብር ድንጋይ ተጠርቦ አልቋል፣ ያላንቺ አናስቀምጠውም፣ መቼ ትመጫለሽ ብለህ ጠይቀኸኛል። ይህን ሁሉ የዘበዘብኩት ለዚህ ነው። አስቀምጡት። ፈቃድ አልተከለከልኩም፣ የዕረፍት ቀኔም ገና አላለቀም። ወንበሬ ባዶ መዋሉን ነው የፈራሁት። ባለፈው ትኩሳት ይዞኝ እንኳ እየተንቀጠቀጥኩ ሄጃለሁ። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ብቀር እናፍቃቸዋለሁ፣ እየናፈቅኳቸው ደግሞ ይጽፉብኛል። እናቴን ለመቅበር ሄጄ ያየሁትን አይቻለሁ፤ ድንጋይ ለማስቀመጥ ብዬ ልደግመው አልችልም። ፈሪ በለኝ፣ ግድ የለም።

ለአባባ ሥራ በዝቶባት ነው በለው፤ ይሄ እንኳ ውሸት አይደለምና ጆሮህ አይቀላም። ጉልበቱን ሳምልኝ፣ ፊቱን ወደ ማዕዱ ይመልስልኝ። ለእትዬ፣ ስለ ጥየቃዋ ሁሉ ሰላምታዬ እጥፍ ነው፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ መጥቷል። ትንሿን ግንባሯን ሳምልኝና በፉጨት ማጥናቷን ማንም አይከልክላት። እማዬን ላጠቡልን ጎረቤታችን፣ አልረሳሁም በልልኝ። አንተም ወገብህን ጠብቅ፣ ድንጋዩን ብቻህን አታንሳ፣ ሰው ያግዝህ።

የማትረሳህ እህትህ

ከመሥሪያ ቤቴ ማዶ ካለችው የኪራይ ክፍሌ፣
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 9 ቀን