ያልተላጠው ፕላስቲክ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

ልጄ ሂሩት ለእኔም ለአማቷ ለጽጌም አንድ ዓይነት ስልክ ነው የገዛችልን። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተቀምጠን የልጅ ልጃችን ሊያ የላከችው የድምፅ መልእክት ከጽጌ ስልክ ወጥቶ አዳራሹን ሞላው። ሴቶቹ ሁሉ ከበቧት። ከእኔ ስልክ ግን ሊያ የምታንሾካሽክ ነው የሚመስለው። ሂሩት የተሻለውን ለአማቷ መርጣ እንደሰጠች እርግጠኛ ነበርኩ።

ዛሬ ሂሩት ከሥራ በቀጥታ ዋይት ሲቲ ወዳለው ቤቴ መጥታ ስልኬን ቼክ አደረገችው። ድምፁ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ብሉቱዙም ጠፍቷል። ከዚያ ስልኩን አገላብጣ አየችና "እማዬ፣ ከካርቶኑ ሲወጣ የነበረውን ፕላስቲክ እስካሁን አልላጥሽውም? የድምፁን ቀዳዳ እኮ ደፍኖታል" አለችኝ። እንዳይጫጫርብኝ ብዬ ነው። ጽጌ በመጀመሪያው ቀን ስትልጠው የዕቃ አያያዝ አታውቅም ብዬ አምቻት ነበር።

ተላጠ። የሊያ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ፦ "እማማ፣ በጣም ነው የምወድሽ።" አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እስከ ዛሬ ያልተሰማኝ መጨረሻው ተከተለ፦ "ይሄንኑ ለእማማ ጽጌም ልኬላታለሁ።"

ሂሩት እንደወጣች ፕላስቲኩን ከቆሻሻ ቅርጫቱ አውጥቼ መልሼ ለጠፍኩት።