ያልሆንኩት ዶክተር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ጎረቤቴ ዘነበች ስልኳን ይዛ መጣች። ባሏ ደረቴን ወጋኝ እያለ እንጦጦ ጸበል ሲመላለስ ሰንብቶ ነበር።

«እትዬ አስካለ፣ የሰፈሩ ቴሌግራም ላይ ያለው ዶክተር "ጸበሉም አይቅር፣ ሐኪም ቤትም ዛሬውኑ ውሰጂው" ብሎኝ ወሰድኩት። ተረፈልኝ! ስሙን እንኳ ደብቆ! እርስዎም ይመርቁት እንጂ።»

«እግዜር ይቅር ይበለው» አልኩ።

«ኧረ ምን አጥፍቶ?» ብላ ሳቀች።

ዶክተሩ እኔ ነኝ። ሐኪም ነኝ ብዬ አልጻፍኩም፤ ዶክተር ሲሉኝ ግን ዝም አልኩ። ባለቤቴን ያንኑ ሕመም ሲያመው «መጀመሪያ የጸበሉን ሰባት ቀን ጨርስ» ያልኩት እኔ ነኝ። በአምስተኛው ቀን ሞተ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን የሕክምና መጽሐፍ ሁሉ አነባለሁ። ለሰው ብዬ ይሁን ለራሴ፣ አላውቅም።

ዘነበች ስትሄድ ቤቱ ጭር አለ። በስሜ የምትጠራኝ እሷ ብቻ ናት፤ ዶክተር የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ስልኬን ስከፍት አንዲት ልጅ «ዶክተር፣ እናቴ አፏ ተጣሞ መናገር አቃታት» ብላ ጽፋለች። «አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጃት» አልኳት። ከሥሩ «ዶክተር አይደለሁም» ብዬ ጨምሬ ነበር።

ባታምነኝስ ብዬ አጠፋሁት።