ምኞት ይዛው የበረረችው በሶ

ለልጄ ለወንድወሰን፣ ዱባይ

የናፍቆት ሰላምታዬ ከአምቦ ካለህበት ይድረስህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ኔትወርክ ከጠፋ ስለሰነበተ ይህን ለንግድ ዱባይ በምትመላለሰው በሮዛ እጅ ልኬልሃለሁ።

እህትህ ምኞት ይዛልህ የመጣችው በሶ እንዴት ነው? ጨው አበዛሁበት እንዴ?

የምኞትን ጉዞ ያመቻቸላት ደላላው ኦቦ በድሉ «የዱባይ አውሮፕላን በየቀኑ ጢም ብሎ ነው የሚሄደው፣ ማንም አይጠፋም» ብሎኝ ነበር። አሁን ቤቱን ለቆ ሄዷል አሉ። ቦሌ ኤርፖርት የሚሠራው የጎረቤታችን ልጅ ሲሞን ደግሞ፣ በበረረችበት ቀን ምኞትን ያየኋት በቤይሩት ተሳፋሪዎች ሰልፍ ነው ይላል። እሱ ድሮም ሰው ይምታታበታል።

በሶውን ሳይነቅዝ ብላው። የቋጠርኩበት ሻሽ የምኞት ነውና ሮዛ ስትመለስ ስጥልኝ። ሳታጥበው።

በደህና ያገናኘን። እናትህ ወሰንየለሽ።

ሻሹን ብቻ አደራ።