የሟች ስም አልሸጥም ያሉት የጋዜጠኛ ሃጀር ሸዕባን የሕይወት ታሪክ

ጋዜጠኛ ሃጀር ሸዕባን ከአባታቸው ከሐጂ ሸዕባን አብዱልሀፊዝና ከእናታቸው ከወ/ሮ ከዲጃ ዑመር በሐምሌ ወር 1951 ዓ.ም. በዳንግላ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ስለነበሩ ያደጉት ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ ነው። አገውኛንም የለመዱት ከገጠር ለገበያ ከሚመጡ ደንበኞች ነበር። ሃጀር አንዴ አይሆንም ካሉ ሐጂ ሸዕባንም እንደማይመልሷቸው ዘመድ ሁሉ ያውቅ ነበር።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዳንግላ፣ ሁለተኛ ደረጃን በባሕር ዳር ካጠናቀቁ በኋላ በ1978 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወደ ስዊድን ተሰደዱ። በስቶክሆልም አረጋውያንን እየተንከባከቡ ጋዜጠኝነት ተማሩ። በ1983 ዓ.ም. ከአቶ ሰላሁዲን ኢድሪስ ጋር ትዳር መሥርተው ልጆቻቸውን አፊያንና አብዱልሀፊዝን አፈሩ።

በ1989 ዓ.ም. “ጉርብትና” የተባለውን የስደተኞች ጋዜጣ በአማርኛ ማዘጋጀት ጀመሩ። ጋዜጣው ከአገር ቤት ያመጣው አንድ ደንብ ነበረው። መርዶው በሽማግሌ ለቤተሰብ መነገሩ ሳይረጋገጥ የሟች ስም አይታተምም። ማንም እናት የልጇን ሞት ከወረቀት ላይ እንዳታነብ ብለው ያወጡት ደንብ ነው።

ጋዜጣው በድረ ገጽ እስከ ዳንግላና ጫግኒ መነበብ ሲጀምር፣ እህቶቻችን ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱበት የአንድ አረብ አገር መንግሥት በኤምባሲው በኩል ትልቅ ማስታወቂያ ይዞ መጣ። የማተሚያውን ወጪ ከሞላ ጎደል የሚሸፍነው ይኸው ማስታወቂያ ሆነ። ከዚያ በኋላ በዚያ አገር የሞተች ሠራተኛ ወሬ በተሰማ ቁጥር የኤምባሲው ሰው በትሕትና ይደውል ነበር። ቤተሰቡ ገና መርዶ አልሰማም፣ እኛ እናስነግራለን፣ እስከዚያው ታገሡን ይላል። ሃጀር አመኑት። ወግ አዋቂ መስሏቸው አመሰገኑትም። ሰውዬው ግን ወጋችንን ያጠናው አፋችንን ሊዘጋበት ነው።

በ2010 ዓ.ም. ሃጀር የአባታቸውን ሱቅ ለያዙት ወንድማቸው ለአቶ ኡስማን ሲደውሉ፣ ወ/ሮ እናትነሽ የተባሉ የዳንግላ ዙሪያ ገበሬ ከሱቁ ከዚያው አረብ አገር ትመለሳለች ብለው ለሚጠብቋት ልጃቸው መቀበያ ቀሚስ እየመረጡ መሆኑን ሰሙ። ልጅቷ ውቢት ይኸነው ትባላለች። ሃጀር የውቢትን ሞት ካወቁ ወራት አልፈዋል፤ ስሟንም ታገሡ ስለተባሉ ይዘውት ነበር።

በዚያች ሰዓት የተሰማቸው እፍረትና ቁጣ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልበረደም። ኤምባሲውን ሳይጠይቁ ወንድማቸውን ላኩ፤ በነጋታው አቶ ኡስማን ከእስላምም ከክርስቲያንም ሽማግሌ ይዘው በጋሪ ሄዱ፤ ገና ሳይነጋ ደርሰው መርዶውን በአገውኛ ነገሩ። የሌሎቹም ሟቾች ቤተሰቦች በየአገራቸው ሽማግሌ ተላከላቸው። “ጉርብትና” በሚቀጥለው እትሙ የውቢትን ፎቶግራፍ ከነስሟ ፊት ገጹ ላይ አወጣ፤ የሌሎቹን ስም ከሥሩ ዘረዘረ፤ ይህን ያህል ጊዜ ማን እንዳዘገየውም ጻፈ።

ማስታወቂያው ተቋረጠ፤ ማተሚያ ቤቱም ጋዜጣውን አላትምም አለ። የእኛው ሰዎች ሳይቀሩ እንጀራዋን በእግሯ ረገጠች ብለው አሟቸው። የእርሳቸው መልስ አንድ ነበር፦ “የሞተ ሰው ስም ሸጬ የምበላው እንጀራ ከጉሮሮዬ አይወርድም።” ጋዜጣውን በፎቶ ኮፒ እያባዙ፣ ከባለቤታቸው ጋር በባቡር ጣቢያ በር ላይ ቆመው አደሉት። ከዚያ ወዲያ ማንም መንግሥት፣ የራሳችንም ቢሆን፣ ከዚያ ጋዜጣ ላይ አንድ መስመር አላስወጣም።

አቶ ሰላሁዲን ካረፉ በኋላ በ2014 ዓ.ም. ወደ ዳንግላ ተመለሱ። በኩላሊት ሕመም በእንጅባራና በባሕር ዳር ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄደዋል። የሁለት ልጆች እናትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ።

የዚያው መንግሥት ኤምባሲ ሃጀርን “ወዳጃችን” የሚል የሐዘን መግለጫ ልኮ በዚህ ጽሑፍ ላይ እንዲወጣ ጠይቆናል። አላወጣነውም። ወዳጃቸው ወ/ሮ እናትነሽ ናቸው፤ ከገጠር መጥተው ከሃጀር እህቶች ጋር ለሐዘን ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል።

አላህ ወንጀላቸውን ምሮ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃቸው። ልጇን ቀሚስ ገዝታ የምትጠብቅ እናት ሁሉ እውነቱን የሚነግራት ሰው አትጣ። አሚን።