በስብሰባው ስለተገኙት መነጽሮች

ለላይኛው ምክር ቤት ክቡር አፈ ጉባኤ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ ወገብዎና ያ ሲቀመጡበት የሚያቃስተው ወንበርዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ እጅ እነሳለሁ። እኔ ከአዳራሹ ጀርባ ተቀምጬ የአባላትን ማይክ የምከፍትና የምዘጋ ነኝ፤ አዳራሹን የምታጸዳው ደግሞ እናቴ ናት። ከስምንተኛ ክፍል ጋር በስምምነት የተለያየሁ ስለሆነ፣ በደብዳቤዬ ስህተት ቢያገኙ እንደ ማሻሻያ ሐሳብ ይቁጠሩልኝ።

አንደኛ፣ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ሥራ ማለት ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ይመስለኝ ነበር። በእርስዎ ቤት ግን አንድ አባል ብቅ ብሎ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠ፣ ቢወጣም እንደተገኘ ይቆጠራል፤ ቆጣሪውም የሚቆጥረው መነጽር እንጂ ራስ አይደለም። እኛ ሠራተኞች «አባ ደህና ዋሉ» የምንላቸው አባል ዓይናቸው እንደ ንስር ነው፤ መነጽር የገዙት ለመቅረት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ እናቴ ከቤተ መጻሕፍቱ ወደ አዳራሹ የተዛወረችው ባለፈው ሰኞ ነው፤ ይህን ደንብ የነገራት የለም። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ስትጠርግ ሃያ ሦስት ባለቤት የሌላቸው መነጽሮች አገኘች። «እነዚህ አባቶች አሁን ደረጃውን በምን አይተው ይወርዳሉ?» አለች። አንድ በአንድ በሳሙና አጥባ፣ አድርቃ፣ የጠፉ ዕቃዎች ሳጥን ውስጥ ቆለፈችባቸው። ከምሳ በኋላ ቆጣሪው ቢቆጥር ምልዓተ ጉባኤ የለም። በዚህም ምክንያት የሥራ ሰዓት ማክበሪያው ሕግ ሳይጸድቅ ቀረ።

ሦስተኛ፣ እናቴ «የአባላትን መገኘት በማስተጓጎል» ተከሳ ኀሙስ በሦስት ሰዓት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች፤ ከሥራ ልትባረርም ትችላለች። አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ አንድ ቀን አልቀረችም። መቅረትም አትችል፤ መጥረጊያዋን አቁማ ብትሄድ ወለሉ ያሳብቅባታል።

አራተኛም ነበረኝ። እናቴ አይታው «አንተ ልጅ፣ እንጀራዬን ልታሳጣኝ ነው?» ብላ ቀደደችው። ስለ እንቅልፍ ነበር፤ ስለ ማን እንቅልፍ እንደሆነ ግን ጨዋነት አይፈቅድልኝም።

እንግዲህ ልመናዬ አንዲት ናት፦ ክሱን ይተዉላት። አጥፍታለች ካሉም ጥፋቷ የሌለን ሰው እንደሌለ ማሳየቷ ነው።

ለታላቅ ትዕግሥትዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣

ከወንበርዎ ሲነሱ የሚያጉረመርሙትን አገር እንዳይሰማው ማይክዎን ፈጥኖ የሚዘጋልዎ፣
እስከ ኀሙስ ድረስ ታማኝዎ የሆነው
የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ

ማስታወሻ፦ ኀሙስ በሦስት ሰዓት እናቴ ወለል ላይ ስለሆነች መምጣት አይመቻትም። መነጽሯን ግን ደቂቃ ሳላዛንፍ ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ፤ በቤቱ ደንብ መሠረት ተገኝታለች ማለት ነው። ጥያቄ ካላቸው እሱን ይጠይቁት። ከሥራ ትሰናበት ብለው ከወሰኑም የሚሰናበተው መነጽሩ ነው፤ እሷ ዓርብ ጠዋት ሥራ ትገባለች።